አራተኛዋ ወንበር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ወርጄ አራት አሮጌ የዋንዛ ወንበሮች ገዝቼ ተመለስኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን አየቻቸው፤ ቀጥላም እኔን አየችኝና፣ “ማገዶ አልቋል ብዬህ ነበር እንዴ?” አለች።

እውነት ለመናገር ማገዶ ይመስሉ ነበር። ቫርኒሻቸው ተላልጧል፤ መገጣጠሚያቸው ላልቶ ሲነኳቸው እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቋቋሉ። ግን ዋንዛ ዋንዛ ነው። የላዩን እድፍ በብርጭቆ ወረቀት ስትገፉት፣ ያ ሞቅ ያለ ቡናማ መልኩ ከሥር ብቅ ይላል። እኔ አናጢ አይደለሁም፤ ቢሮ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ ለዋለ ሰው ግን በእጁ አንድ ነገር ሠርቶ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል የሞከረው ያውቀዋል።

ቀስ በቀስ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ወንበር ሲታደስ ከላይ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ይገለበጣል። ከላይ ሰው ያሳመረውን ታያላችሁ፤ እውነቱ ያለው ከታች ነው። የላላው መገጣጠሚያ ይነቀላል፤ የደረቀው አሮጌ ኮላ ተፍቆ ይወጣል፤ አዲስ ኮላ ተቀብቶ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰርና ያድራል። ከዚያ መጀመሪያ በሻካራው፣ በኋላ በለስላሳው ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ መግፋት ነው። ቫርኒሹም በስሱ ይቀባል፤ ሲደርቅ በቀስታ ተፈግፍጎ ይደገማል። የቸኮለ ሰው አንዴ አወፍሮ ይቀባና ሲንጠባጠብበት ይውላል። እኔም ቸኩዬ አይቼዋለሁ።

ሦስቱ ወንበሮች እንዲህ ሆነው ዳኑ። አራተኛዋ ግን የኋላ እግሯ መቀመጫው ላይ ከሚገጥምበት ቦታ ተሰንጥቃ ነበር። ትክክለኛው ሥራ እግሩን መቀየር ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ሰጋቱራ በኮላ ለወስኩና ስንጥቁን ሞላሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት፤ ቫርኒሽ ደረብኩበት። አያስታውቅም! ራሴ እንኳ የቷ እንደነበረች ለመለየት መገልበጥ ነበረብኝ።

ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ልሸጣቸው አሰብኩ። ጎረቤታችን እማማ ገና ሲያዩአቸው ወደዷቸው። “አባባ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚሞቁባት ወንበር የላቸውም” አሉ። በዋጋ ተስማማን። ለሰኞ ተቀጣጠርንና ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ባለቤቴ ምሳ እያቀረበች፣ “ስለ አራተኛዋ ነገርካቸው?” አለችኝ።

“ምኑን?”

“እሱን አንተ ታውቃለህ።”

በዚያች ቅጽበት አራት ጠበቃ ከውስጤ ተነሣ። አንደኛው “አልዋሸህም” አለ። ሁለተኛው “አልጠየቁህም” አለ። ሦስተኛው “ዋጋው ርካሽ ነው” አለ። አራተኛውማ ባሰ፤ “አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው አሮጌ መሆኑን መቼ አጣው?” አለ። አራት ወንበር ልሸጥ ተነሥቼ አራት ጠበቃ ቀጠርኩ።

እስቲ ጠበቆቹን አንድ በአንድ እንያቸው። “አልዋሸህም” የሚለው እውነቱን ነው፤ በአፌ አልዋሸሁም። በእጄ ግን የዋሸሁ ይመስለኛል። “አልጠየቁህም” ለሚለው፣ ሰው የሚጠይቀው የሚያጠራጥር ነገር ሲያይ ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄውን በብርጭቆ ወረቀት ልጬ አጥፍቼዋለሁ። “ርካሽ ነው” ቢባልም፣ ዋጋው የወረደው ወንበሩ ስላረጀ እንጂ የአባባ ወገብ ስለረከሰ አይደለም። ሰው ደገፍ ሲል ክብደቱን የሚሸከሙት ደግሞ የኋላ እግሮች ናቸው። አራተኛው ጠበቃም አሮጌነትንና ስንጥቅን አንድ ያደርጋል። እማማ አሮጌነቱን አይተው ገዝተዋል፤ ስንጥቁን ግን አላዩም። ሕጉም ቢሆን ከጠበቆቼ ጋር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሻጭንም “ኃላፊነት የለብኝም” የሚል ውል አያድነውም።

አንድ ከባድ ክርክር ግን ቀረ፤ እሱም ከባህላችን የሚመጣ ነው። እኛ ገበና መሸፈንን የምናከብር ሰዎች ነን። የጎረቤቱን ጉድ አደባባይ የሚያወጣን ሰው አንወድም። ታዲያ ሽፋን ለሰው በጎ ከሆነ ለወንበር ሲሆን እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ሁለቱን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዝም ስል የምጠብቀው ማንን ነው? የጎረቤቴን ገበና ስሸፍን የምጠብቀው እሱን ነው። የወንበሩን ስንጥቅ ስሸፍን ግን የምጠብቀው ኪሴን ነው፤ የሚወድቁት ደግሞ አባባ ናቸው።

ይህ ጥያቄ ከወንበር ያልፋል። ተከራይ ሊመጣ ነው ሲባል እርጥበት የበላው ግድግዳ ላይ ቀለም የሚደርበው አከራይ፣ የተጋጨ መኪናውን በስቱኮ ሞልቶ “ምንም አልነካውም” የሚለው ሻጭ፣ የኔ ቢጤዎች ናቸው። በሽምግልናም ቢሆን አለ። የጠቡ ሥር ሳይነቀል “በቃ ተሳሳሙ” ተብሎ የሚያልቅ እርቅ፣ ሰጋቱራ በኮላ ነው። ሰው ደገፍ እስኪልበት ድረስ ያምራል።

“ታዲያ ጥገና ሁሉ ይታይ ነው የምትለው?” ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ጥገና ማማሩ ነውር የለበትም። ቢሆንም የድሮ የብራና መጻሕፍቶቻችንን አይታችሁ ከሆነ፣ ቆዳው ሲፋቅና ሲወጠር የተቀደደው ቦታ በክር ተሰፍቶ ይገኛል፤ ስፌቱ ፊት ለፊት ይታያል። ቀዳዳ ካለም ጸሐፊው ቀዳዳውን ዘሎ ጽሑፉን ይቀጥላል። አንባቢውም ቀዳዳውን እያየ ያነባል። ገጹን ስፌቱ አላዋረደውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ ቤት ሄድኩ። ቡና ላይ ነበሩ። አጎንብሼ፣ “እማማ፣ ከወንበሮቹ አንዷ እግሯ ስንጥቅ ነበር። ሞልቼዋለሁ እንጂ አልዳነም። ለአባባ አትሆንም” አልኳቸው።

ዝም ብለው ስኒውን ቀዱልኝ። ከዚያ፣ “ታዲያ ይቺንማ በነፃ ነው የምትሰጠኝ!” አሉ። የአራቱን ዋጋ ወደ ሦስት አወረዱት። የእውነት ዋጋ አንድ ወንበር መሆኑን ያን ዕለት አወቅሁ። ሰኞ ወንበሮቹን ሳደርስላቸው አራተኛዋን ግድግዳ አስጠግተው አቆሟትና ራዲዮኗቸውን አስቀመጡባት። “ራዲዮን መቼ ይደገፋል?” አሉና ሳቁ።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስባለሁ። የተነገረ ስንጥቅ ቦታ ይፈለግለታል። የተደበቀ ስንጥቅ ግን የሚጥለውን ሰው ራሱ ነው የሚፈልገው። እማማ እንከኗን ስላወቁ ለወንበሯ የሚሆናትን ሥራ ሰጧት። ባላውቅ ኖሮ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የአባባ ወገብ ነበር ማለት ሲገባኝ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ዛሬም አልፎ አልፎ አሮጌ ዕቃ እየገዛሁ አድሳለሁ። ባለቤቴም ማገዶ ማለቷን አልተወችም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬአለሁ። ሥራዬን ስጨርስ ዕቃውን እገለብጥና ከሥሩ በእርሳስ እጽፍበታለሁ፤ “ይህ እግር ተሰንጥቆ ነበር፣ በዚህ ቀን ተጠግኗል” ብዬ። ከላይ ቫርኒሹ ያምራል፤ ገልብጦ ላየ ሰው ደግሞ እውነቱ እዚያው ተጽፎ ይጠብቀዋል።