የት እንደምታድር ሳትነሳ ወስን

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን አሳድገህ ተሳቢ መያዝህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የጅቡቲን መንገድ ብዙ ዘመን ተመላልሼበታለሁ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማና ስለ ዳገት የሚነግርህ ሰው አታጣም። ስለ ድካም ግን ከሹፌር አፍ የምትሰማው ፉከራ ነው፤ «ከጋላፊ ድንበር ተነስቼ ሳላርፍ አዳማ ገባሁ» ይሉሃል። ጉብዝና እንዳይመስልህ።

የደከመ ሰው በራሱ ድካም ላይ ዳኛ መሆን አይችልም። በ1997 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መሪ ከያዝክ እዚያ ደርሰሃል ማለት ነው። የጠጣ ሰው «ደህና ነኝ» እንደሚል አይተሃል፤ የደከመም እንዲሁ ይላል፣ ከልቡም ያምነዋል።

ምልክቱን ቀድመህ ዕወቅ። ማዛጋት የመጀመሪያው ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ ማርሽ ታዘገያለህ፣ ፍጥነትህ ያለ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይላል፣ በማይረባ ነገር ረዳቱን ትቆጣለህ። ያለፍከው ከተማ ትዝ ካላለህ ወይም ጎማህ የአስፋልቱን ጠርዝ ከነካ ግን ነገሩ አልቋል። አእምሮ ዓይን እንደተገለጠ ለጥቂት ሰከንድ ሊተኛ ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳህ 4 ሰከንድ ብታሸልብ፣ 400 ኩንታል የጫነው መኪና 67 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ይሄዳል። አፋር ውስጥ ግመል መንገድ ለማቋረጥ ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል።

መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ ማስጮህ፣ ፊት መታጠብ ለጥቂት ደቂቃ ያነቃህ ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። ጫቱንም አውቃለሁ። ምርቃናው እስካለ ድረስ ድፍረትና ፍጥነት ይጨምርልሃል፤ ከእንቅልፍ ዕዳህ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ አልተከፈለችም። ምርቃናው ሲወርድ ዕዳው ባንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ ያውም ምናልባት መንገድ መሐል። አንዳንዱ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ጨብሲ ብሎ ቢራ ይጨምርበታል፤ በማግስቱ መሪ የሚይዘው ሁለቱም ያልለቀቁት ሰው ነው። ቡና ይሻላል። ግን ሥራውን ለመጀመር 20፣ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ ጠጥተህ ወዲያው አትነሳ። መኪናህን አቁመህ ጠጣና ለ20 ደቂቃ ጋደም በል፤ ስትነሳ ቡናውም ደርሶልሃል። ይህም ቢሆን ማደሪያህ ድረስ ሊያደርስህ ነው እንጂ ሌሊቱን ሊያስነዳህ አይደለም።

ሌሊት መንዳትን ሹፌር የሚወደው በከንቱ አይደለም። የአፋር ሙቀት ጎማ ያፈነዳል፤ ቀን ጋቢና ውስጥ መተኛትም ስቃይ ነው። ችግሩ፣ ሰውነት ከሁሉ ይበልጥ የሚሰንፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ በመጠኑ ይሰንፋል። ሙቀቱንም እንቅልፉንም ለማምለጥ ከቻልክ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስተህ ፀሐዩ ሳይበረታ አብዛኛውን መንገድ ጨርስ። ቀትሩን ጥላ ፈልገህ አሳልፍ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀጥልና ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ አቁም።

የምታቆምበትን ቦታ ግን ገና ሳትነሳ ሞጆ ሆነህ ምረጥ፤ አዋሽ፣ ሚሌ ወይም ሎጊያ ይሁን። መንገድ ላይ ሲደክምህ የትም ዳር መቆም አይቻልም፤ ጭነት ይፈታል፣ ለራስህም ያሰጋል። ስለዚህ «ትንሽ ልግፋና» ትላለህ። ክፉው ነገር የሚመጣው እዚህች «ትንሽ» ላይ ነው። ውሳኔው ጭንቅላትህ ንጹሕ ሳለ ካልተወሰነ፣ በኋላ የሚወስነው ድካሙ ነው። ረዳትህንም «አቁም ካልከኝ አቆማለሁ» በለው፤ ሲልህም አትቆጣው። ልጅ ነው ብለህ አትናቀው፤ ፊትህን የሚያየው እሱ ነው።

ባለንብረቱ በጂፒኤስ መኪናው መቆሙን አይቶ መደወሉ አይቀርም። አትሳደብ፣ አትዋሽ፤ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል፤ ትርፍ ሰዓቱንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ገድቧል፤ በየሳምንቱ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍትም ሰጥቶሃል። አውሮፓ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው፤ መኪናው ላይ ያለው መዝጋቢ ይቆጣጠረዋል። አንተ ጋ ያለው መዝጋቢ አንተው ነህ። ክፍያው በቢያጆ ስለሆነ ልብህ እንደሚቸኩል ይገባኛል፤ የተገለበጠ ተሳቢ ግን ቢያጆ አይሠራም፣ ይህን ባለንብረቱም አይስተውም። ለሚቀጥለው ጉዞ ከመነሳትህ በፊት ደውልለትና «ዛሬ ሚሌ አድራለሁ» በለው።