የጠገበ ውሃ

ውሃው ሲንተከተክ ሦስተኛውን ብርጭቆ ስኳር ጨመርኩበት። ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ ድስቱ ላይ አፍጥጣለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ወዲያው ጠፋ፤ ሁለተኛው ማንኪያ ሲገባበት ጠፋ፤ ሦስተኛው ትንሽ ተንገራግሮ እሱም ጠፋ። ድስቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ያ ሁሉ የት ገባ?»

በማንኪያ ጨልፌ፣ እፍ ብዬ አቀመስኳት። አልጠፋማ። የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዷን የስኳር ሞለኪውል ከጓደኞቿ እየነጠሉ ዙሪያዋን ይከቧታል፤ ለብቻዋ የቀረችን ቅንጣት ደግሞ የሰው ዓይን አያያትም።

ውሃም ግን ጥጋብ አለው። 100 ግራም ውሃ በቤታችን ቅዝቃዜ 200 ግራም ያህል ስኳር ይሸከማል፤ ሲፈላ ከ400 ግራም በላይ። የምንኖርባት የካፋዋ ቦንጋ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቢሆንም ለሦስተኛው ብርጭቆ ቦታ አላጣም። ጉዱ የሚመጣው ሲበርድ ነው። ከአቅሙ በላይ የያዘውን ወዲያው አይጥለውም፤ ተሸክሞ ዝም ይላል፣ ስኳሩ የሚያርፍበት ነገር እስኪያገኝ። ለዚህ ነው ስኳር ያስነካነውን ክር እርሳስ ላይ አስረን ውሃውን የገለበጥንበት ማሰሮ ውስጥ ያንጠለጠልነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ግማሹን ጉንዳን ወረሰው፤ ግማሹን ደግሞ ልጄ «አደገ እንዴ?» እያለች በየሰዓቱ ስታነሳውና ስታስቀምጠው አበላሸችው፤ ታች ረግቶ ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልነው። ውሃው ተኖ ያግዘናል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። የካፋን ዝናብ የሚያውቅ ይስቅብኛል፦ እዚህ አየሩም እንደ ድስታችን የጠገበ ነው፤ ክረምት ላይ የታጠበ ካልሲ እንኳ አይደርቅም።

በስምንተኛው ቀን አወረድነው። ክሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ክሪስታሎች ተደርድረዋል። አንዱን መስኮት አጠገብ ይዤ አየሁት። ጎኖቹ በምላጭ የተቆረጡ ይመስላሉ፤ አንድ ወገኑ ዘመም ብሏል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ሦስተኛውም በዚያው አቅጣጫ ዘመም ብሏል። ጥበበኛ አልነበረም፤ መሮም አልነበረም። በየሞለኪውሉ 45 አቶሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል በጨለማ ውስጥ ተራውን ጠብቆ፣ ፊቱን ወደሚገባው አቅጣጫ አዙሮ ተቀምጧል። ይህን ሥርዓት በስኳር ውስጥ ያኖረ ጌታ ይመስገን አልኩ፤ ጮክ ብዬም ሳይሆን አልቀረሁም፣ ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

ለነገሩ ይህን ሥራ ከእኛ ቀድመው የሚሠሩት የጫካው ንቦች ናቸው። ከቦንጋ ወጣ ሲሉ፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. ባዮስፌር ብሎ በመዘገበው ደን ውስጥ፣ ቀፎ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ንቧ ከአበባ የምትቀዳው ወለላ አብዛኛው ውሃ ነው። ቀፎ ውስጥ በክንፏ እያራገበች፣ እያራገበች ታደርቀዋለች፤ ከ100 እጅ 18 ያህሉ ብቻ ውሃ እስኪሆን ድረስ። ያለ እሳት፣ ያለ ድስት። እንግዲህ ማር ማለት ከአቅሙ በላይ የተሸከመ ውሃ ነው። በውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ዋና ስኳሮች ግሉኮስ በውሃ ውስጥ መቆየት ብዙም አይችልም፤ ቀዝቀዝ ሲል ተነጥሎ ይረጋል። ፍሩክቶስ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። የገተማ ዛፍ አበባ ማር ሲረጋ ቅቤ የሚመስለው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ የገበያ ቀን ገዢው በእንጨት ቁራጭ የረጋ ማር ጫር አድርጎ ቀመሰና፣ «አባቴ፣ ይሄማ ስኳር ገብቶበታል!» አላቸው ሻጩን። ሽማግሌው አልተቆጡም። «ገብቶበታል ልጄ፤ ያስገባሁት ግን እኔ አይደለሁም።» አጭበርባሪ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሞልቷል። መርጋቱ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም። ማሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከነዕቃው ቢያስቀምጡት መልሶ ይፈስሳል።

እዚህ አገር አንድ ሌላ ክሪስታል በሩቅ መንገድ ይመጣ ነበር፤ ከአፋር ተጭኖ እስከ ካፋ ገበያ ድረስ እንደ ገንዘብ የሚመነዘረው አሞሌ። ጨው ግትር ነው፤ ውሃውን ብታፈላለትም ባታፈላለትም የሚሟሟው መጠን እምብዛም አይለወጥም። ሙቀት የሚያባብለው ስኳርን ነው።

ክሪስታሎቹን ባወረድንበት ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ልጄን ሻማ አታብሪ አልኳትና ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጥን። ከዚያ ትንሹን ክሪስታል በፒንሳ ይዤ ጨመቅኩት። ሲሰበር ብልጭ አለ፤ ሰማያዊ፣ የዓይን ጥቅሻ ታህል። ክሪስታል ሲሰነጠቅ የሚለያየው ኤሌክትሪክ ነው፤ መብረቅ በጥፍር ልክ።

ልጄ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም።

«አባዬ፣ ድገመው።»

ሌላ ሰበርኩ። ሌላም። ክሩ ላይ ትልቁ ብቻ ሲቀር ፒንሳውን ከእጄ ቀማችኝ።