ዶሮ ወጡና የትንሣኤው ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲገባደዱ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ገበያ የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ «ዶሮ ስንት ገባ?» ይባላል። መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ለፍስክ መዘጋጀት ከአባቶች የወረስነው ነው። እኔ ግን አባወራውን ሌላ ነገር ልጠይቀው፤ ወንድሜ ሆይ፣ በትንሣኤው ሌሊት ባለቤትህ የት ናት?

እውነቱን እንነጋገር። ቤተ ክርስቲያኑ በጧፍ ብርሃን ሲሞላ፣ ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ ብዙ እናቶች ጭስ ውስጥ ናቸው። ዶሮ ወጥ እንደ ሽሮ ቶሎ አይደርስም። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ተልጦ ይከተፋል፤ እንዳያር እየተማሰለ ይቁላላል፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ይገባበታል፤ ውኃ ጠብ እየተደረገ ገና ለሰዓታት ይበስላል። ዶሮው ተለብልቦ ዐሥራ ሁለት ብልት ይወጣል፤ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል። ከዚያ ቅቤው፣ ኮረሪማው፣ እንቁላሉ አለ። ይህን ሁሉ የምትሠራው ደግሞ አክፍላ ነው! ከዓርብ ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ሴት የወጡ ሽታ እያወዳት፣ ጨዉን እንኳ ሳትቀምስ በግምት ታወጣዋለች። እናንተዬ፣ የእኛ ጾም ከዚህ ይበልጣል?

አሁን ወንጌሉን አስቡ። ገና ሳይነጋ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሠገሡት ሴቶች ናቸው። የትንሣኤው ዜና አስቀድሞ የተነገረው ለእነርሱ ነው፤ ሐዋርያት እንኳ የሰሙት ከእነርሱ አፍ ነው። በእኛ ቤት ግን የምሥራቹን ቀድመው የሰሙት የእነዚያ ሴቶች ልጆች ኮረሪማ ሲወቅጡ ቅዳሴው ያልፋቸዋል። ማርያም በጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ስትሰማ ማርታ በሥራ ተጠምዳ ነበር። ማርታ ማርታ እያልን ሴቶቻችንን ከመገሠጻችን በፊት ማን ማርታ እንዳደረጋቸው ብንጠይቅ ይሻላል።

ዓርብ የስግደት ቀን ነውና ለሥራ አይነካ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቄጤማችንን በራሳችን አስረን ስንመለስ ወንዱም ልጁም ቢላዋ ይያዝ! ሽንኩርት መላጥ ክብር አይቀንስም፤ የሚያስለቅስ ከሆነም የሕማማት ሰሞን ነው። ቁሌቱ በቀን ከተጀመረ፣ ዶሮው በጊዜ ከታረደ፣ ማታ ወጡ ተከድኖ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። «ቤቱን ማን ይጠብቅ? ሕፃኑንስ?» ትለኝ ይሆናል። አምና እሷ ቀርታ ከሆነ ዘንድሮ አንተ ቅር።

ስለ ባልቴቷም ላንሣ። ዶሮዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ አላፊ አግዳሚውን ወንድ «እስቲ ልጄ፣ ባርክልኝ» እያለች ትለምናለች፤ አንዳንዴም እስኪመሽ ትጠብቃለች። ሳትጠራህ ሂድላት። ዶሮ ለመግዛት አቅም ያጣ ጎረቤት ካለ ደግሞ ድስቱ ከመከደኑ በፊት የእሱ ድርሻ ይውጣ፤ ከተበላ በኋላ የተረፈውን መላክ ሌላ ነው።

ወጡ ጨው አነሰው ብለህ እንዳትቆጣ ብቻ አደራ። በግምት ነው የተሠራው፤ ከቅዳሴ መልስ አብራችሁ እየቀመሳችሁ ትጨምሩበታላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።