ስለ ቁልፍ ያዥ አደራ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንድን ነገር ለማድረግ መቻልና ያንኑ ለማድረግ መብት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስተውል። ብዙ ሰው ግን የቻለው ሁሉ የተፈቀደለት ይመስለዋል።

ለምሳሌ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚሠሩበትን ኮምፒውተር እንመልከት። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል አለው፤ ደብዳቤውንም ፎቶግራፉንም በዚያ ያኖራል። ከሁሉ በላይ ግን አስተዳዳሪ የሚባል ሰው አለ። እርሱም መሣሪያውን እንዲጠብቅና እንዲጠግን ሲባል የሁሉንም ክፍል የመክፈት ሥልጣን ተሰጥቶታል። መሣሪያው የይለፍ ቃሉን የሚይዘው በተለወጠ ምልክት ስለ ሆነ፥ አስተዳዳሪው ቃሉን ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን ቃሉን በሌላ ሊለውጠው፥ ወይም ቃሉን ሳይነካ ፋይሉን ሊከፍተው ይችላል። ባለቤቱም ቃሉ ቢለወጥ ያውቃል፤ ፋይሉ ቢነበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

በአሞራ ገደል አቅራቢያ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት፥ «ጋሼ፥ ካልሰረቅሁና ለማንም ካልተናገርሁ፥ የሰው ፋይል ባይ ማንን እጎዳለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንዲህ አልሁት፤ «እዚህ ሐይቁ ዳር ዓሣው በሰው ሁሉ ፊት ሆዱ ይከፈታል፤ ሰው ግን ዓሣ አይደለም። የልቡን ለማን እንደሚገልጥ የሚመርጠው ራሱ ነው። አንተ በስውር ስታይ የወሰድህበት ይህን ምርጫ ነው። ዕቃ ቢሆን ትመልሰው ነበር፤ ያወቅኸውን ግን መመለስ አትችልም።»

ይህ ሐሳብ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የቆመው ሕገ መንግሥት፥ ሕግ ከፈቀደው በቀር የኢትዮጵያውያን የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ከልክሎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም በአንቀጽ 26 ይህንኑ ጥበቃ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ለሚደረግ ግንኙነት ጭምር ሰጠ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባውንም፥ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ይቀጣል። ይህ ሁለተኛው ነገር በተለይ ቁልፍ ያዡን ይመለከታል።

«ታዲያ አስተዳዳሪው ዓይኑን ጨፍኖ ይሥራ ማለትህ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። መሣሪያው ሲበላሽ መግባት ግዴታው ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ለባለቤቱ ይንገር፤ ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ይክፈት፤ ሲጨርስም ያደረገውን ያስታውቅ። በደል መፈጸሙን ቢጠረጥር እንኳ፥ ጉዳዩን ለሚመለከተው ያቅርብ እንጂ መርማሪም ዳኛም ሆኖ ብቻውን አይግባ። ተጠቃሚውም በበኩሉ ሥራውን ሲጨርስ ከመለያው መውጣትን አይርሳ። ይሁን እንጂ የእርሱ ቸልተኝነት ለሌላው ፈቃድ አይሆንም፤ የጎረቤትህ በር ተከፍቶ ቢያድር ቤቱ ያንተ አይሆንምና።

ወጣት ሆይ፤ ነገ የቢሮው መዝገብ፥ የሆስፒታሉ ካርድ፥ የባንኩ ሒሳብ በአንተ እጅ ይገባል። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ቁልፉን የሚሰጥህ ሰው፥ ማየት እየቻልህ እንደማታይ ተማምኖ መሆኑን አትዘንጋ።