ገንዘብ የሌለው ሰው ምጽዋት



ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ከክርስቲያን ሕይወት የማይለዩ ምግባራት መሆናቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር ኖረናል። ከእነዚህም ጾምና ጸሎት የድኻውም የባለጸጋውም ድርሻ እንደ ሆኑ የሚጠራጠር የለም። ምጽዋት ግን ገንዘብ ላላቸው ብቻ የተሰጠች ትእዛዝ እየመሰለችን፣ ብዙዎቻችን «ምን አለኝና እሰጣለሁ?» በማለት ራሳችንን ከበረከቷ እናርቃለን። ይህ አሳብ ትሕትና ቢመስልም በሁለት ወገን ይጐዳል። ድኻውን ከመስጠት ክብር ይለየዋል፤ ባለጸጋውም ሳንቲም ጥሎ ካለፈ በኋላ ሌላ ዕዳ የሌለበት እንዲመስለው ያደርገዋል።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን የምንጠየቅባቸውን ሥራዎች በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በዝርዝር ነግሮናል። እነርሱም የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅና የታሰረን መጐብኘት ናቸው። ከስድስቱ መካከል እህልና ልብስ በገንዘብ ይገኙ ይሆናል፤ ወደ ሕመምተኛውና ወደ እስረኛው ለመሄድ ግን የሚያስፈልገው እግርና ጊዜ ነው። ደግሞም ሕመምተኛውን ፈውሱት፣ እስረኛውን አስፈቱት አልተባልንም፤ የተጠየቅነው መሄድን ብቻ ነው። እንግዲህ በድኽነቱ አመካኝቶ ከዚህ ጥያቄ የሚያመልጥ ማን ነው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፣ ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስ ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አንካሳ የነበረ ሰው በደጁ ምጽዋት ለመናቸው። ብርም ወርቅም አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት አላለፉትም። አስቀድመው ትኵር ብለው ተመለከቱት፤ ቀጥሎም ቅዱስ ጴጥሮስ በክርስቶስ ስም ቀኝ እጁን ይዞ አስነሣው። እኛ አንካሳ የማስነሣት ጸጋ ባይሰጠን እንኳ፣ የሚያይ ዓይንና የሚዘረጋ እጅ ተሰጥቶናል።

በየቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የሚቀመጡት ነዳያን ሲለምኑን፣ በእጃችን ምንም ከሌለ «እግዚአብሔር ይስጥህ» እንላለን። ይህች ቃል ከአባቶቻችን የተቀበልናት መልካም ምርቃት ናት። ፊታችንን አዙረን፣ ርምጃችንን አፍጥነን ስንላት ግን ምርቃትነቷ ቀርቶ ማባረሪያ ትሆናለች። ቆም ብለን፣ ዓይኑን አይተን፣ «እንደምን አደርህ?» ካልን በኋላ ብንላት ግን ያው ቃል ምጽዋት ይሆናል። ልዩነቱ የገንዘብ አይደለም፤ የልብ ነው።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ስናከብር፣ በተአምረ ማርያም የተጻፈውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንሰማለን። 78 ነፍሳት ያጠፋው ያ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ደፋ። ይህን የምንሰማው ኃጢአትን ለመድፈር አይደለም፤ በሰው ዓይን የማይቈጠር ርኅራኄ በእግዚአብሔር ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ እንድናውቅ ነው እንጂ።

ሕዝባችንም ይህን ትምህርት በኑሮው ገልጾታል። የገበሬው ደቦ የደካማውን እርሻ ያርሳል፣ አዝመራውንም ይሰበስባል። ሐዘን በደረሰ ጊዜ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጐረቤትም መጥቶ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ አንዳች ቃል ሳይናገር የተቀመጠው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያጽናናል።

ዛሬም የዚህ ምጽዋት ፈላጊ በየደጃችን አለ። ልጆቿ በውጭ አገር የሚኖሩ እናት ገንዘቡ ይላክላት ይሆናል፤ ቡና አፍልታ የምታጫውተው ሰው ግን ታጣለች። በሆስፒታል ጠያቂ የሌለው ሕመምተኛ በመጠየቂያው ሰዓት ወደ በሩ ይመለከታል። ፊደል ያልቈጠረ አባት ማመልከቻ የሚጽፍለት ይፈልጋል። የጐረቤት ልጅ ትምህርቱን የሚያስረዳው አጥቶ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛም ከጐናችን ያለው ሰው ሲናገር በስልካችን ላይ አቀርቅረን ጆሯችንን እንነፍገዋለን። በሌለ ሰው ላይ ሐሜት ሲነሣ ዝም ማለት፣ ከዚያም አልፎ ስለ መልካምነቱ መመስከር፣ የተጣሉትንም ማስታረቅ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሆኖም ከገንዘብ ይልቅ ይከብደናል።

ይሁን እንጂ ይህ ትምህርት ለንፉግ መሸሸጊያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የተራበውንና የታረዘውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ይገሥጻል። ስለዚህ እንጀራ ያለው እንጀራውን ይቍረስ፤ የሌለው ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ ዕውቀቱን ይስጥ። ባለጸጋም እንጀራውን ስለ ሰጠ ፊቱን አይንፈግ። የሰጠነውንም ለሰው እያወራን ዋጋችንን በምድር አንጨርሰው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፤ ማታ ለጸሎት ስንቆም «ዛሬ ለማን ምን ሰጠሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ኪሳችን ባዶ በነበረበት ቀንም መልስ የሚኖረን እንሁን። ራሱን ስለ እኛ አሳልፎ የሰጠ አምላካችን የማይነጥፍ ርኅራኄን በልባችን ያሳድርልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።