የሙታንን ቃል ከራሳቸው አፍ ስለ መስማት

ዳኛ ምስክር ሲሰማ አስቀድሞ «ያየኸውን ነው ወይስ የሰማኸውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያየ ሰው ቃልና የሰማ ሰው ቃል በሚዛን እኩል አይደለምና። በመጻሕፍትም ነገር እንዲሁ ነው። «ሲሴሮ እንዲህ ብሏል፤ ቨርጂል እንዲህ ጽፏል» የሚል ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ከተርጓሚ የሰማውን ነው እንጂ ከባለቤቱ የተቀበለውን አይደለም። እንግዲህ ተርጓሚ ሳለልን፥ ባለቤቱን በገዛ ቋንቋው ለመስማት ብለን ብዙ መድከም ይገባናልን?

ዛሬ ላቲንን ከእናቱ ጡት ጋራ የሚማር ሕፃን የለም። ታላላቆቹም መጻሕፍት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተተርጕመው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ሳለ፥ በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በተጀመረው ትምህርት፥ ተማሪዎች የሁለት ዓመት ያህሉን ላቲን በጥቂት የዕረፍት ወራት ሊጨርሱ ሌት ተቀን ሲደክሙ ታይተዋል። ቀን የተማሩትን ማታ አጥንተው በማግሥቱ ይፈተናሉ።

ድካሙ ከምን ይመጣል? በላቲን አድራጊውንና ተደራጊውን የሚለየው የቃሉ መጨረሻ ነው እንጂ ቦታው አይደለም። «ካኒስ ፑዌሩም ሞርዴት» ቢሉ ውሻው ልጁን ይነክሳል ማለት ነው፤ «ፑዌሩም ካኒስ ሞርዴት» ቢሉም ያው ነው። ነገር ግን «ፑዌር ካኔም ሞርዴት» ያሉ እንደ ሆነ ነካሹ ልጁ ሆነ! እኛም በ«ን» ፊደል ይህንኑ እናደርጋለንና ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ላቲን ግን አምስት ዓይነት የስም ርባታ ስላላት፥ ተማሪው እያንዳንዱን ቃል እስከ መጨረሻው ፊደል መመርመር አለበት። የቸኰለ ሰው ልጁን ነካሽ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቅም፥ ሰው ምን ሊል እንደሚገባው ከመፍረድ በፊት ምን እንዳለ መስማትን መልመድ ነው።

ሁለተኛም፥ ሮማውያን «ፒዬታስ» የሚሉት ቃል አለ፤ ለአማልክት፥ ለወላጅና ለአገር የሚገባውን ሁሉ መፈጸም ማለት ነው። ቨርጂልም ጀግናውን ኤኔያስን የሚያመሰግነው በዚህ ጠባይ ነው። ተርጓሚው «ሃይማኖተኛ» ቢለው፥ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ ከሚቃጠለው ከተማ ማውጣቱ ይቀራል፤ «ደግ ልጅ» ቢለውም አማልክቱ ይቀራሉ። ተርጓሚው አልዋሸም፤ ግን መርጧል። አንባቢው ደግሞ ምርጫ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ቋንቋን አለማወቅ ከዚህም የከፋ ጕዳት ያመጣል። «የቆስጠንጢኖስ ስጦታ» የተባለ ጽሑፍ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን ግዛት ለሮማው ሊቀ ጳጳስ ሰጠ ይል ነበር፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም ታመነ። በ1440 ዓ.ም. ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ ላቲኑን መርምሮ የቆስጠንጢኖስ ዘመን ቋንቋ አለመሆኑን አስረዳ። ለምሳሌ ጽሑፉ የሮማን ሹማምንት «ሳትራፕ» ይላቸዋል፤ ይህ ግን የፋርስ ሹመት ስም ነው። የዛሬ ሊቃውንትም ጽሑፉ በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተፈጠረ መሆኑን ይናገራሉ። ቫላ ያን ጊዜ ከሊቀ ጳጳሱ ጋራ የተጣላው የንጉሥ አልፎንሶ ባለሟል ነበርና ወገንተኛ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ማስረጃው የቆመው በቫላ ቅንነት ላይ አልነበረም፤ ላቲን የሚያውቅ ሁሉ፥ ወዳጅም ጠላትም፥ ቃሉን በገዛ ዓይኑ አይቶ ሊመዝነው ይችል ነበር።

ነገሩ ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ስለ ኢትዮጵያ በ1681 ዓ.ም. ያሳተመው የታሪክ መጽሐፍ የተጻፈው በላቲን ነው። አውጉስት ዲልማን በ1865 ዓ.ም. ያወጣው የግዕዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን ነው። እንግዲህ ስለ አገሩ የተባለውን ራሱ አይቶ ሊፈርድ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ተማሪንም ይህ ድካም ይመለከተዋል።

ታዲያ ሰው ሁሉ ላቲን ይማር ማለት ነውን? አይደለም። በ2021 ዓ.ም. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ፥ የጥንት ግሪክንና የሮማን ትምህርት ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ ተማሪዎች ግሪክኛ ወይም ላቲን የመማር ግዴታ እንዳይኖርባቸው ወሰነ፤ ይህም ለአዲስ ተማሪዎች በሩን ለመክፈት ነው። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ገበሬው፥ ሐኪሙና ነጋዴው በትርጕም ቢያነቡ ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ብዙዎች በትርጕም ተማምነው የሚያነቡ ከሆነ፥ ትርጕሙን ከምንጩ ጋራ የሚያስተያዩ ጥቂቶች የግድ ያስፈልጋሉ። አለዚያ ተርጓሚው ቢሳሳት ማን ያርመዋል?

ስለዚህ፥ ወጣት ሆይ፥ ይህን ትምህርት ብትጀምር በማኅበር መካከል የላቲን ቃል ጣል አድርገህ ለመመካት አይሁን። ያንተን ቃል የሚሰሙ፥ አንተ ያየኸውን ለማየት ጊዜም ገንዘብም የሌላቸው ብዙዎች አሉ። የምትደክመው ስለ እነርሱ ጭምር ነው። ያየኸውን «አየሁ»፥ የሰማኸውንም «ሰማሁ» ብለህ ለይተህ ንገራቸው።