ስም የማን ርስት ነው?

በእኛ አገር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ርስት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ “እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኩት” ማለት ብቻውን ባለርስት አያሰኝም ነበር። ተሟጋቹ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ሐረጉን ቆጥሮ ከአቅኚው አባት ማድረስ ነበረበት። ቢረታም ድርሻውን ያርሳል እንጂ ርስቱን እንደ ሸቀጥ አይሸጠውም። ይህን የማነሳው ያ ዘመን ናፍቆኝ አይደለም፤ የርስት ሙግት ስንቱን ቤት አደኽይቷል! አዲሱ መሬት፣ ኢንተርኔት ማለቴ ነው፣ ስም የሚያድለው በተቃራኒው ሕግ ስለሆነ ነው።

እዚያ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። አንድ የማናውቀው ሰው “ጋይንት ዶት ኮም”ን በጥቂት ዶላር ቢያስመዘግብ ስሙ የእሱ ነው። የነፋስ መውጫ ማር ነጋዴ ቢከፋው ወዴት ይከሳል? እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። ከሳሹ አድራሻው ከንግድ ምልክቱ ጋር አንድ ወይም አሳሳች መሆኑን፣ ያዡ በስሙ ላይ ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለው፣ ስሙንም ያለ ቅን ልቦና አስመዝግቦ እንደተጠቀመበት ማስረዳት አለበት። ነጋዴያችን ገና ከመጀመሪያው ይወድቃል፤ የንግድ ምልክት የለውማ! ያውም 1,500 ዶላር የዳኝነት ክፍያ ካገኘ ነው።

ባለ ምልክቱ ኩባንያ ከሳሽ፣ ድኻው ተከሳሽ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መልስ መስጫው 20 ቀን ነው፤ ቢለምን 4 ቀን ይጨመርለታል። እንደ ቀድሞው ሙግት ዳኛ ፊት ቆሞ ሽማግሌ አይቆጥርም፤ የሚነበበው ወረቀት ነው።

ታዲያ የቦታን ስም ለቦታው አስተዳደር መስጠት ይሻል ይሆን? ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1996 የባርሴሎናን ስም በአድራሻነት ያዙ። የከተማው ምክር ቤት ከሰሰ፤ በ2000 በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ተፈረደለት። ነገሩ አሜሪካ ደርሶ፣ በ2003 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የከተማ ስም ብቻውን የንግድ ምልክት አይሆንም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። እኔ ከይግባኙ ጋር ነኝ። የእስቴ ስም የወረዳው ጽሕፈት ቤት የግል ንብረት አይደለም፤ ዋሽንግተን ያለው ተወላጅም ድርሻ አለው።

የቡናው ነገር ግን የተለየ ነው። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ሲስማማም፣ ክርክሩ የስሙ አልነበረም፤ በስሙ የሚሸጠው ቡና ዋጋ ለማን ይድረስ ነው። ዳኛ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው “ወረቀት ያለው ማን ነው?” ሳይሆን “በዚህ ስም ማን ተታለለ?” ይመስለኛል።

የሚያስቸግረኝ ማንንም ሳያታልል ስሙን ይዞ፣ ገዢ እየጠበቀ የሚቀመጠው ነው። በርስት ዘመን ጦሙን ባደረ መሬት ላይ “ድርሻዬ ነው” የሚል ዘመድ ሊነሣ ይችል ነበር። በአድራሻው ላይ ግን ደንቡ የሚያውቀው ዘመድ የለም፤ ሰውዬው ክፍያውን እያደሰ እስከቆየ ድረስ ስሙ ጦሙን ያድራል።